የሞራ ዘሃቫ ማይክ

ባለፈው ምርጫ የመረጥኩት ልጅ ሆኜ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። ካገባሁ ወዲህ አድራሻዬን ስላላስቀየርኩ መምረጫዬ አሁንም እናቴ ሰፈር፣ ቤት ኤሊዔዘር ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ እግሬ አብጧል፤ ሰልፉ ደግሞ እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ ድረስ ወርዷል። ተራዬን ስጠብቅ አንድ ሰው ወንበር ሊያወጣ የቦምብ መጠለያውን ከባድ የብረት በር ከፈተው። የኖራ፣ የጎማ ምንጣፍና የታፈነ ርጥበት ሽታ ወጣ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ሂጂ እንጂ፣ ሰልፉ ሄደ» እስክትለኝ ድረስ እዚያው ደርቄ ቆምኩ።

ያ መጠለያ ሳይረን በማይጮህበት ጊዜ የሞራ ዘሃቫና የኔ ክፍል ነበር። ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው።

በአምስት ዓመቴ ክፉ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ የሁለቱን ጆሮዎቼን ግማሽ እዚያው ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ ኋላ መስሚያ አደርጋለሁ። መስሚያ ግን ድምፅ ያጎላል እንጂ አይመርጥም። ሠላሳ ልጅ ወንበሩን ሲጎትት፣ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ፣ ውጭ አውቶቡስ ሲያልፍና መምህሯ ስትናገር ሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው። አራተኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ትምህርት ማለት ለኔ የሰው ከንፈር ማየትና ማታ ራስ ምታት ነበር።

ሞራ ዘሃቫ የአራተኛ ክፍል መምህርታችን ነበሩ። ሀምሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ደረጃ ሲወጡ በየሦስቱ እርከን የሚያርፉ ሴት ናቸው። ጎንደር ሳሉ ስማቸው ወርቅነሽ ነበር፤ እዚህ ሲገቡ የሆነ ጸሐፊ ዘሃቫ ብሎ መዘገባቸው፤ ያው ወርቅ ማለት ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስለተማሩ እንደኔ ያሉትን ልጆች ከሌሎቹ ጋር አቀላቅለው ያስተምራሉ። ከክፍሉ ትምህርት ሌላ በሳምንት አምስት ሰዓት እኔን ብቻ መጠለያው ውስጥ ይይዙኛል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮት የለውም፤ በሩ ሲዘጋ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። የተቀላቀለብኝን ፊደል ለማስለየት እጄን ወስደው ጉሮሯቸው ላይ ያስቀምጡታል። ቆዳቸው ሞቃትና ለስላሳ ነበር፤ አንዱ ፊደል ሲንቀጠቀጥ ሌላው ዝም ይላል። ግቢው ውስጥ አማርኛ አያወሩኝም። «እዚህ የምትፈተኚው በዕብራይስጥ ነው፤ አማርኛውን ከእናትሽ ጋር» ይሉኝ ነበር።

የመስከረም በዓላት እንዳለፉ አንዲት ወጣት የመስማት ባለሙያ ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከሻንጣው የክብሪት ቀፎ የምታህል ማይክ አወጣች፤ አንገት ላይ የሚገባ ገመድ አላት። ለኔ ደግሞ ከመስሚያዎቼ ሥር የሚሰኩ፣ ጥፍር የሚያክሉ ሁለት መቀበያዎች ሰጠችኝ። መምህሯ ማይክዋን ካጠለቁ፣ የትም ይቁሙ የት፣ ድምፃቸው በቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ያስረዳችን በሁለት ደወል መካከል ነው።

ሞራ ዘሃቫ ማይክዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው ገለበጧት።

«ስትበላሽ ማንን ነው የምጠራው?»

«ስልክ ቁጥሩ መመሪያው ላይ አለ።»

«ስልኩን የሚያነሳው ሰውስ አለ?»

ወጣቷ ሳቀች። ሞራ ዘሃቫ አልሳቁም። የመጠለያውን ቁም ሣጥን ከፍተው አሳዩዋት። ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ኮምፒውተር፣ ሥዕሉን ሲነኩት የሚናገር ሰሌዳ፣ ቻርጀሩ የጠፋ ታብሌት አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል።

«ይኼኛው ሲመጣ ሁለት ቀን ኮርስ ወሰድኩ፤ ከኮርሱ ስመለስ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ይኼኛውን አንድ ልጅ ለምዶት ነበር፤ በለመደው ወር ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለ። እኔ ደግሞ ያው እዚሁ ነኝ።»

ያም ሆኖ ማይክዋን አጠለቋት።

በዚያው ሰሞን ክፍላችንን ወደ ናሓል ሀደራ ወሰዱን። ወንዙ ዳር ባሕር ዛፎቹ ልጣቸውን ይጥላሉ፤ መሬቱ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ሞራ ዘሃቫ ከፊት ነበሩ፣ እኔ በጣም ኋላ። ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ስሜን ጠርተው «ማስተዋል፣ በስተግራሽ ተመልከቺ፣ ኤሊ አለች» አሉኝ። ዞርኩ፤ እሳቸው ሩቅ ናቸው፤ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። ኤሊዋ ግን አለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩን ያላየሁትን ሰው ሰማሁ። ትንፋሻቸውን፣ ቀሚሳቸው ማይክዋን ሲነካት፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው «እህ» የሚሏትን ሳይቀር ሰማሁ። በዚያ ቀን የሆነ ነገር አመንኩ፦ እኔ እሳቸውን የምሰማ ከሆነ እሳቸውም እኔን ይሰሙኛል ብዬ። ስለዚህ በሹክሹክታ «አየኋት» አልኩ። ራሳቸውን የነቀነቁ መሰለኝ።

የማይክዋን ሌላ ጥቅም ያወቀችው ከጎኔ የምትቀመጠው ሊሮን ናት። ሞራ ዘሃቫ ከክፍል ሲወጡ ማጥፋት ይረሳሉ። መምህራን ክፍል ገብተው ስኳር ሲያማስሉ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሲከራከሩ፣ ሽንት ቤት ውኃ ሲለቁ ሁሉ ይሰማኛል። ልጆቹ ዙሪያዬን ይከቡኛል።

«የት ደረሰች?»

«ደረጃው ላይ ናት። አረፈች... አሁን ተነሳች።»

ሁሉም ወደየቦታው ይሮጣል። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዕረፍት ሰዓት የሚጠራኝ ልጅ አልነበረም። አሁን ዳቦ የሚያካፍሉኝ፣ ቦታ የሚይዙልኝ ሆኑ። ሞራ ዘሃቫ ግራ ተጋብተው «ምን ነካችሁ ዘንድሮ? መላእክት ሆናችሁ» ይሉ ነበር።

ነገር ግን የመጠለያው ሰዓታችን እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ የማክሰኞው ቀረ፤ ቀጥሎ የሐሙሱ። ታኅሣሥ ላይ የዚህ አገር ክረምት ሲገባ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቀረን። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሲያዩኝ ድካም ፊታቸው ላይ ይታያል፤ እኔም ድካማቸው እኔ ነኝ ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከበቡኝ። ሞራ ዘሃቫ ኮሪደሩ ላይ ስልክ እያወሩ ነው፤ በአማርኛ፣ ከእኅታቸው ጋር። እዚያ ክፍል ውስጥ ከኔ በቀር አማርኛ የሚሰማ ልጅ የለም።

«ምን ልበልሽ እኅቴ፣ ደክሞኛል» ይላሉ። «ዘንድሮ ይቺን አመጡብኝ። ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ይቺ ከመጣች ወዲህ እኮ ሰዓቴን በላችብኝ! ተይ አታንሺብኝ... ባትመጣ ይሻለኝ ነበር።»

«ምን አለች?» አለችኝ ሊሮን።

«ምንም» አልኩ። «እየመጣች ነው።»

እየመጡ አልነበረም። ልጆቹ እንዲበተኑልኝ ብዬ ነው።

የኔ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው፤ ብይ፣ ተኚ፣ በሩን ዝጊ። ሰዓት ስል የማውቀው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ነው። ሞራ ዘሃቫ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ የእጃቸውን አንጓ አየሁት። ሰዓት የለም። ሰዓት የነበረበት ቦታ ቆዳው ነጣ ብሎ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይታያል። እንግዲህ እውነት ነው አልኩ። እንዴት እንደበላሁት አላውቅም፤ ግን በልቼዋለሁ። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠልኩትም እኔ ነኝ። በሹክሹክታ በዕብራይስጥም በአማርኛም «ይቅርታ ሞራ» አልኳቸው። ይሰሙኛል ብዬ አይደል? መልስ አልሰጡኝም። መጻፋቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ቀን መቀበያዎቹን ከመስሚያዬ ነቅዬ እርሳስ መያዣዬ ሥር ደበቅኳቸው። «ተበላሽቷል፣ አይሰማም» አልኩ። ሞራ ዘሃቫ ማይክዋን አንስተው አዩዋት፤ ባትሪ ቀየሩ፤ መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ደወሉ። ማንም አላነሳም። ማይክዋን አውልቀው ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከታብሌቱ አጠገብ አስቀመጧት። በሩን ሲዘጉት ያዘኑ አይመስሉም ነበር። «አላልኩም?» አሉ ለራሳቸው። የመጠለያው ሰዓት ግን አልተመለሰም።

ክፍሉ እንደገና ጩኸት ብቻ ሆነ። ልጆቹም «የት ደረሰች?» ሲሉኝ የምመልሰው ስለሌለኝ አንድ በአንድ ሄዱ። የቃል ጽሕፈት ወረቀቴ በቀይ ተሞላ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አለፈ፤ ከዚያ ለእናቴ ደብዳቤ መጣ። በዕብራይስጥ ስለሆነ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ቫዓዳ ይጠራል ይላል፤ ማለትም ኮሚቴ ተቀምጦ እዚሁ ትቀጥል ወይስ በሌላ ከተማ ወዳለ ልዩ ክፍል ትሂድ የሚለውን ይወስናል። እናቴ ክሊኒክ ስታጸዳ ውላ ነበር የገባችው። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አውቶቡስ ነው የሚወስድሽ?»

«ጠዋት ይወስደኛል፤ ማታ ይመልሰኛል።»

ጫማዋን መፍታት ጀመረች። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ።

«እማዬ፣ ሰው የሌላ ሰው ሰዓት ቢበላ ምን ያደርጋል?»

«ይተካለታላ፤ ሌላ ምን ያደርጋል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

አባቴ ጋን ሽሙኤል የጭማቂ ፋብሪካ ይሠራል፤ ልብሱ ሁልጊዜ የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። ብዙ ዓመት በመሥራቱ ከፋብሪካው የተሰጠው ሰዓት ነበረው። ሰንበትና በዓል ላይ ብቻ ያስረዋል፤ ሌላ ቀን ከሳጥኑ አይወጣም። በነጋታው ሰዓቱን በካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መጠለያው ውስጥ ሞራ ዘሃቫ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ሪፖርት እየጻፉ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ። ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

በአማርኛ መለስኩላቸው፤ በዕብራይስጥ ለማለት አፈርኩ። «ሰዓትዎን ስለበላሁብዎት ነው። ይኼ የአባቴ ነው። ይውሰዱት።»

ካልሲውን ፈቱት። ሰዓቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማነው ሰዓቴን በላሽ ያለሽ?»

«እርስዎ። በስልክ። አንገቴ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ባትመጣ ይሻለኝ ነበር ብለዋል።»

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ አወሩኝ።

«ልጄ፣ ያልኩት ስለ ማይክዋ ነው። ትንሽ ስለሆነች ይቺ አልኳት፤ ባገራችን እንደዚያ ነው የሚባለው። አንቺን እኔ መቼ ይቺ ብዬ አውቃለሁ?»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓት ያልኩት ካንቺ ጋር እዚህ የምቀመጥበትን ጊዜ ነው። አምስት ነበር። ማይክዋ ስትመጣ ልጅቷ መስማት ከቻለች አንድ ይበቃታል ብለው አራቱን ወሰዱት። እኔ ላንቺ ስል እየተናደድኩ አንቺ...» ቦርሳቸውን ከፍተው ከሥሩ የእጅ ሰዓት አወጡ። «የእጄም ይኸው። ብረቱ ማይክዋን ሲነካት ጆሮዋ ውስጥ ይጮኽባታል ብላ ባለሙያዋ ስለነገረችኝ ነው ያወለቅኩት። ላንቺ ብዬ።»

«ይቅርታ ብዬዎት ነበር፤ አልመለሱልኝም።»

«መቼ?»

«በማይክዋ።»

«እሷ ካንቺ ወደኔ አታመጣም እኮ። ከኔ ወዳንቺ ብቻ ናት የምትሄደው።»

ያን ጊዜ እርሳስ መያዣዬን ከፍቼ መቀበያዎቹን ሰጠኋቸው። አልተበላሹም አልኳቸው። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው ጣራውን ተመለከቱ።

«ሁለት ወር» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ ማሽን ይሰበራል፣ አላልኩም ወይ እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ከረምኩ። እንዲያው ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ። አንቺን አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጌ ምን ሆነሻል ብዬ አልጠየቅኩሽም።» ሪፖርቱን አንስተው ለሁለት ቀደዱት። «እኔ ማሽን አልጠላም፣ ማስተዋል። ማሽን ሲመጣ ሰው ይሂድ ሲሉኝ ነው የሚደክመኝ። ግን የሱን ቂም ማይክዋ ላይ ተወጣሁት፤ ማይክዋ ላይ ስወጣው ደግሞ አንቺ ላይ ወደቀ።»

የአባቴን ሰዓት በካልሲው መልሰው ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «ማንም ሳያይ ቦታው መልሺው» አሉኝ። መለስኩት። አባቴ እስከ ዛሬ አላወቀም።

ኮሚቴው የተቀመጠው ከፋሲካ በፊት ነው፤ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ። አባቴን ከፈረቃው ስለማይለቁት እናቴ ብቻዋን ገባች፤ አስተርጓሚዋ ሞራ ዘሃቫ ናቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንድቆይ ተነገረኝ። ከመግባታቸው በፊት ሞራ ዘሃቫ ማይክዋን ከቀሚሳቸው አንገት ሥር አስገቡ፤ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች ነበር። ወደኔ ጎንበስ ብለው «አላጠፋኋትም» አሉኝ። «የሚወራው ስላንቺ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ወረቀት ሲገለጥ፣ ወንበር ሲሳብ፣ ልባቸው ሲመታ ሳይቀር የሰማሁ ይመስለኛል። ሰብሳቢዋ ቀስ ብላ የፈተና ውጤቴን አነበበች። መሣሪያው ለምን ሁለት ወር እንዳልሠራ ጠየቀች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሞራ ዘሃቫ። «በሚገባ አልተከታተልኩትም። አሁን ይሠራል።»

የኔን ስም አላነሱም። ከዚያ እናቴ ተጠየቀች። እናቴ ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተናገረችም፤ ስትመጣ ይደክማታል፣ ትተኛለች። አሁን ድምፅዋ በሞራ ዘሃቫ ማይክ በኩል ራቅ ብሎ፣ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

«ንገሪልኝ» አለች፤ እንዲህ ሲጨንቃት እርስዎ ማለቱን ሁሉ ረሳችው። «እኔ ጆሮዬ ደኅና ነው። ግን እነሱ የሚሉትን ግማሹን አልሰማም። ሐኪም ሲያናግረኝ አልሰማም፣ አለቃዬ ስትቆጣኝ አልሰማም። እኔን ግን ሌላ ከተማ አልላኩኝም። ሥሪ ብለው አስቀመጡኝ፣ ሠራሁ። ልጄንም ያስቀምጧት።»

ሞራ ዘሃቫ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ከዚያ ቃል በቃል በዕብራይስጥ አሉት፤ ሁሉንም፣ የአለቃዋን ሳይቀር።

ሰብሳቢዋ መሣሪያው የሚሠራ ከሆነ መቆየት እንደምችል ተናገረች። «ግን የግል ሰዓቶቹ ለሚመጣው ዓመት አያስፈልጉም ማለት ነው» አለች።

«መሣሪያው ድምፄን ያደርሳል» አሉ ሞራ ዘሃቫ። «ገብቷታል አልገባትም የሚለውን ግን መልሶ አይነግረኝም። ለሱ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱንም ስጧት።»

«ሁለቱንም መስጠት አልችልም፣ ዘሃቫ። ታውቂዋለሽ።»

ረጅም ትንፋሽ ጆሮዬን ሞላው። «እንግዲያው ክፍሏ ውስጥ ትቆይ» አሉ።

ሲወጡ እናቴ ወደ ውኃ ማቀዝቀዣው ሄደች። ሞራ ዘሃቫ አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት። የመጨረሻውን እኔ መተርጎም አልቻልኩም።»

በተሰባበረው አማርኛዬ ነገርኳት። እንድቆይ እንደተወሰነ ስነግራት እናቴ ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችና ብርጭቆውን ለኔ ደግማ ቀዳችልኝ። የግል ሰዓቶቹ እንደቀሩ ግን አልነገርኳትም።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ የሰኔ ሙቀት ባየለበት ሳምንት፣ ሞራ ዘሃቫ የማስተማሪያ ሰዓት ወደሰጣቸው ሌላ ትምህርት ቤት መዛወራቸው ተሰማ። በመጨረሻው ቀን የሚቀጥለውን ዓመት መምህርታችንን፣ ሞራ ኤፍራትን፣ ወደ ክፍላችን አመጧት። ቁጭ አድርገው የማይክዋን አጠቃቀም አስረዷት፤ እንደዚያች ባለሙያ በሁለት ደወል መካከል ሳይሆን አንድ ሙሉ ሰዓት ወስደው። አምባርሽን አውልቂ፤ ከክፍል ስትወጪ አጥፊ፤ ሰሌዳው ላይ ስትጽፊም ፊትሽን መልሰሽ እያት፤ የሰማ ሁሉ ገባው ማለት አይደለም። ሁሉንም በወረቀት ጽፈው ሰጧት። ከዚያ ገመዷን ከአንገታቸው አውልቀው እሷ አንገት ላይ አጠለቁላት፤ የተጣመመውን አቃኑላት።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ትሰሚኛለሽ ማስተዋል?» አለች ሞራ ኤፍራት። ድምፅዋ ወጣትና ብሩህ ነበር፤ ጆሮዬን ሞላው።

በዚያው ቅጽበት ሞራ ዘሃቫ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ዞር አሉ። ከከንፈራቸው ሁለት ወይም ሦስት ቃል ወጣ፤ በአማርኛ ይመስለኛል። ግን ሠላሳ ልጅ ወንበሩን እየጎተተ ነበር፣ ማቀዝቀዣው ያጓራል፣ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ሞራ ኤፍራት አራት፣ አምስት እያለች ትቆጥራለች። እጄን አውለበለብኩላቸው። እሳቸውም የሰማኋቸው መስሏቸው ፈገግ አሉና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።